ከአልጋ ጫፍ እስከ በርጩማ፦ ከስትሮክ በኋላ እግሬን ያነሳሁበት መንገድ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስትሮኩ የመታኝ በግራው የአንጎል ክፍል ስለሆነ አልታዘዝ ያለኝ ቀኝ ጎኔ ነው። ከሆስፒታል ወጥታችሁ «አሁንስ ምን ልሁን?» ለምትሉ፣ እስካሁን የሠራልኝን ልንገራችሁ።

ለውጤን የምለካው በመቀመጫ ከፍታ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) ያስጀመረችኝ ከአልጋ ጫፍ ተነስቶ መቆምን ነበር። መቀመጫው ከፍ ሲል መነሳት ይቀላል፤ ዝቅ ሲል ጭንና ዳሌ የበለጠ ይለፋሉ። ስለዚህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሶፋ ወረድኩ። ሶፋ ስለሚያሰምጥ የዋዛ አይደለም። ቀጥሎ በርጩማ መጣ። የኛ ቤት ኑሮ መቼም መሬት አጠገብ ነው፤ ቡና ማፍላቱ፣ እህል መልቀሙ፣ ሽንት ቤቱም ጭምር። ከወንበር መነሳት ብቻ እኔን የትም አያደርሰኝም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መቀመጫው ጫፍ ላይ ወጣ ብዬ እቀመጣለሁ። እግሮቼን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደርግና ተረከዜን መሬት አስነካለሁ። አፍንጫዬ ከእግሬ ጣቶች በላይ እስኪሆን ጎንበስ እላለሁ፤ ያኔ ቂጥ ራሱ ብድግ ይላል። ችግሩ ደህናው እግር ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ መውሰዱ ነው። ስለዚህ እሱን ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጥና የደከመውን ወደ ኋላ እስበዋለሁ። ሳይወድ በግዱ ይሸከማል! ልጄ ግን ሁሌም ከጎኔ ትቆማለች፤ ብቻችሁን እንዳትሞክሩት።

ይህን ሁሉ መደጋገም ለምን አስፈለገ? የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። ጤነኛው ክፍል ግን የሱን ሥራ ሊማር ይችላል፣ የሚማረውም በድግግሞሽ ነው። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆንም ከዚያ በኋላም በሩ አይዘጋም። ጠበሌንም እጠጣለሁ፣ የግፊት ኪኒኔንም እውጣለሁ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ስለ ጠያቂ ክፉ መናገር ነውር ነው፤ ቢሆንም ልናገር። «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይገቡና «እስቲ ቀና በይ» እያሉ የደከመውን ክንዴን ይስባሉ። ጡንቻ በደንብ ያልያዘው ትከሻ ሲጎተት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። አሁን ልጄ በር ላይ ሆና «በግራ እጇ ጨብጧት» እያለች ታስገባለች። ከዘራዬንም በደህናው በግራ እጄ ነው የምይዘው። «በሚያምሽ በኩል ያዢው እንጂ» የማይለኝ የለም፤ ትክክሉ ግን ከደካማው እግር በተቃራኒ መያዝ ነው። ደረጃ ስወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ስወርድ የደከመው።

ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የኅዳር ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ሲበርደኝ ጡንቻዬ ይገታተራል፣ ጣቶቼም ይጨበጣሉ። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ሳትል እንቅስቃሴ አልጀምርም። እጄን ለብ ባለ ውሃ አፍታታለሁ፤ ሙቀቱን የምለካው በግራዬ ነው፣ ቀኜ ትኩሱን በደንብ አይለይማ።

እግሬ ተሽሏል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌ፣ አረፍ እያልኩም ቢሆን እቆማለሁ። እጄ ግን ገና ነው። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጥሬ ቡና እለቅማለሁ፣ ጀበናም ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ መቅዳት እለማመዳለሁ። የፈላውን ለጊዜው ልጄ ትቅዳው። ጣቶቼ ይይዛሉ፤ የያዙትን መልቀቅ ነው ያቃታቸው። ፍሬዋን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ «ልቀቃት እንጂ!» እያልኩ ከራሴ እጅ ጋር ስጣላ ብታዩኝ ትስቃላችሁ። ባለሙያዋ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ የእጄን አንጓ ወደ ታች ስታጥፈው ጣቶቹ ፈታ እንደሚሉ አሳይታኛለች፤ እሱን ይዣለሁ። ጣት በመዘርጋት በኩል እናንተን የጠቀማችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ።