ከምጣድ ስባሪ የተሠራው እንዝርቴ መንገዳገዱን ተወ

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። በእጄ የሠራሁት እንዝርት በመጨረሻ ሳይንገዳገድ መሾር ጀመረ። ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ክሩም አይበጠስም። እዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ወደ መንዝ ዘልቃችሁ የበግ ጠጉር መፍተል የጀመራችሁ ካላችሁ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በየቤታችን ያለው የእናቶቻችን እንዝርት ለጥጥ የተሠራ ነው። ጥጥ አጭር ስለሆነ ቀለል ያለ እንዝርት ይፈልጋል። ከከበደበት ክሩ ሳይከርር ይበጠሳል። የመንዝ በግ ጠጉር ግን ሻካራ ነው፤ የሚወጣውም ባናና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ብርድ ልብሶች የሚሠሩበት ዓይነት ወፈር ያለ ክር ነው። ወፍራም ክር ለማክረር ጉልበት ያስፈልጋል። የጥጡ እንዝርት ትንሽ ዞሮ ይቆምና ወደ ኋላ ይመለሳል። ለእኔ የተስማማኝ ከነዘንጉ ከ40 እስከ 60 ግራም የሚመዝን ነው።

መጀመሪያ እርሳስ ላይ ድንች ሰክቼ ነበር። እጅ ለማፍታታት ይበቃል፣ ግን ድንቹ ሲደርቅ ይላላል። ቀጥሎ ወደ ሲዲ ሄድኩ። አንድ ሲዲ 16 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱን ደርቤ፣ ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ ዘንጉን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልዬ ሰካኋቸው። ይሠራል። ክብደቱ ወደ ዳር የተዘረጋ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ይዞራል፣ ግን ዝግ ብሎ ነው። ጭን ላይ ለማሾርም ስፋቱ አይመችም። ብዙ ሰው ሲዲን ሲያወድስ እሰማለሁ፤ እኔ ለመፍተል አልመርጠውም።

የምመርጠው የተሰበረ የሸክላ ምጣድ ነው። በየጓሮው የተጣለ ስባሪ አለ፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ለጥ ያለውን ቁራጭ መርጣችሁ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ ሲፈጩት አቧራው አይነሳም። ድንጋይ ላይ እየፈገፈጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አድርጉት፤ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ 35 ግራም አካባቢ ይሆናል። መካከሉን ለማግኘት ወረቀት በክቡ ልክ ቆርጣችሁ አራት እጠፉት፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነው። ቀዳዳውን በምስማር እያዞራችሁ ከሁለቱም በኩል ብሱት። ከአንድ ወገን ብቻ ከተበሳ ሊወጣ ሲል ይሰነጠቃል።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። ያስቸገረኝ መንገዳገዱ ነበር። እንዝርት ሲንገዳገድ ጉልበቱ በመወዛወዝ ያልቃል፣ ቶሎ ይቆማል፣ ክሩም አንዱ ቦታ ከርሮ ሌላው ይላላል። አንዳንዱ «በእጅ የተሠራ ነገር ይንገዳገዳል፣ ልመደው» ይላል። አልቀበለውም። መንገዳገድ ምክንያት አለው፣ እሱም ከሦስት ቦታ አይወጣም፦ ከክቡ፣ ከዘንጉ ወይም ከላይ ክሩ ከሚያርፍበት ከአንገቱ። ሁሉንም ባንድ ላይ ከነካካችሁት የቱ እንደሆነ አታውቁም። አንድ በአንድ ለዩት።

ክቡን ለመፈተን ቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ያለ የሹራብ መርፌ አስገቡና መርፌውን በሁለት ብርጭቆዎች ላይ አጋድሙት። ክቡ በመካከላቸው ይንጠልጠል። ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የከበደው ወገን ሁልጊዜ ወደ ታች ይመጣል። በእሱ በኩል ትንሽ ፈግፍጋችሁ እንደገና ሞክሩ። በየትኛውም በኩል መቆም ሲጀምር ተስተካክሏል ማለት ነው። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን የምወደው ክፍል ነው።

ዘንጉን መስታወት ላይ አንከባልሉት። ከሥሩ ብርሃን ብልጭ እያለ ከታየ ጠማማ ነው፣ ሌላ ፈልጉ። የተሰበረ ማማሰያ እጀታ ጥሩ ነው፤ ቀርከሃም ይሆናል። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። እርጥብ እንጨት ቆርጣችሁ አትቸኩሉ፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

የእኔ ክብም ዘንግም ፈተናውን አልፈው እንዝርቱ ያው ይንገዳገድ ነበር። ያናደደኝ እሱ ነው። ክቡን ፈገፈግኩ፣ ዘንግ ቀየርኩ፣ ያው። በመሐል አክስቴ ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ መጡ። ባናቸውን ራሳቸው ፈትለው ያሠሩ ናቸው። እንዝርቱን አላሾሩትም። በክሩ አንጠልጥለው ዝም ብለው አዩት።

«አንገቱ ነው እኮ። አንገቱን አቅኚው» አሉኝ።

አንገቱ ያሉት ከላይ የተሰካውን፣ ከጃንጥላ ሽቦ ያጠፍኩትን መንጠቆ ነው። ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ከዘንጉ መካከል ወደ ጎን ወጣ ብሎ ነበር። ወጣ ያለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ግን ክቡ የቱንም ያህል ቢስተካከል እንዝርቱ ተጋድሞ ከተንጠለጠለ ተጋድሞ ይዞራል። በጉጠት ይዤ ክሩ የሚያርፍበትን ከዘንጉ ጫፍ ትክክል በላይ አመጣሁት። በቃ። ስለዚህ ክብ ከመፈግፈጋችሁ በፊት እንዝርቱን አንጠልጥላችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ሆኖ እንዝርቱ ካጋደለ መጀመሪያ መንጠቆውን አቅኑ።

ክቡን ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚሰካው ለምትሉ፣ እኔ ከላይ ነኝ። ከሥር ረጅም ዘንግ ስለሚተርፍ ጭን ላይ ማሾር ይመቻል።

ስለ ጠጉሩ የምመክረው ብዙ የለኝም። በደጋን መንደፍ ገና አልቻልኩም፤ በጣቴ እያፍታታሁ ነው የምፈትለው። ረጃጅሙን ሻካራ ጠጉር ለቅሜ አወጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜም ሳላጥብ እፈትላለሁ፣ ምክንያቱም ቅባቱ ጣቴ ላይ ጠጉሩን ያለሰልሰዋል። ማጠብ የሚመቸው ይጠብ። በዱቄት ሳሙና ግን አይሁን፤ ጠጉሩን ይጎዳዋል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ማሸትም እርስ በርሱ ያያይዘዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይፈታም። የእኛ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በብርዱ ቅባቱ ደርቆ ጠጉሩ አልሳብ ይላል። እኔ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው እንዝርት የማነሳው።

ሲዲውን አልጣልኩትም። ሁለት ክር ለመግመድ ከምጣዱ ይሻላል፤ ሲገመድ ብዙ ክር ስለሚጠቀለል፣ ዝግ ብሎ ረጅም የሚዞር ነው የሚያስፈልገው። ስትገምዱ የተፈተለበትን አቅጣጫ ገልብጣችሁ አሹሩ። አሁን ጥቁሩን ከነጩ ጋር እየገመድኩ ነው። ከእናንተ መካከል በሌላ የሸክላ ስባሪ የሞከረ ካለ ክብደቱንና ስፋቱን ይንገረኝ፣ በተለይ የጀበና ስባሪ የሞከረ።