ቁጥሩ ከኪሱ ጋር ሲሰፋ

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ የክለብ ብስክሌተኞች ውድድር ላይ ነው። ወራት ሙሉ ኪሎ ሜትር ሲቆጥር የከረመ፣ ጉልበቱ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ውድድሩን የሚያጣው በእግሩ አይደለም፤ በእጁ ነው። በመርፌ ቁልፍ፣ በፖምፓ፣ በማርሽ መቀየሪያ። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ያስቃል። እኔን ግን ያንገበግበኛል፤ እያንዳንዱ ጉድ የታወቀ ምክንያት አለው፣ አብዛኛውም በአንድ ማታ ልምምድ የሚቀር ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ማንም ቁብ የማይሰጠው እሱን ነውና። የውድድር ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አራቱም ማዕዘን ላይ ቀዳዳ ስላለው፣ ጀማሪ አራት መርፌ ቁልፍ በቀዳዳዎቹ አሳልፎ ጨረስኩ ይላል። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ቁጥሩ ንፋስ ይሞላና እንደ ሸራ ይነፋል፤ ሲንጣጣ ይቆይና ቀዳዳው ይቀደዳል፤ ግማሹ ጀርባ ላይ ሲውለበለብ ዳኛው ማንበብ ያቅተዋል። ቀዳዳዎቹን እርሷቸው። 6 ወይም 8 መርፌ ቁልፍ አዘጋጁ። መርፌውን ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ወረቀቱንና ጨርቁን አንድ ላይ ውጉ፤ ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ በወረቀቱ በኩል አውጡትና ቆልፉ። እያንዳንዱ መርፌ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ይበሳዋል ማለት ነው። በአራቱ ማዕዘንና በረጃጅሞቹ ጎኖች መሀል እንዲህ ከተያዘ ንፋስ የሚገባበት ቦታ አያገኝም።

ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው። ማሊያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲሠራ መርፌው የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ አብሮ ይይዛል፤ ይህ ጠዋት ሲለበስ ይታወቃል፣ ይፈታል። የከፋው የማሊያውን የጀርባ ኪስ ሲሰፋው ነው። እሱ የሚታወቀው ውድድሩ ከጋለ በኋላ ነው። ሰውዬው አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ጀርባው ይሰዳል፤ የጄሉን፣ ማለትም እየጋለቡ የሚመጠጠውን የኃይል ምግብ፣ እሽግ በጨርቁ ላይ ይዳብሰዋል፤ የኪሱን አፍ ግን አያገኘውም። ጣቱ በመርፌዎቹ ዙሪያ ሲንከራተት ብስክሌቱ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከኋላ ያለውም ሁሉ ይጮኻል። መላው ትራስ ነው። ትራስ ማሊያው ውስጥ ይገባል፤ ጨርቁ ሰው እንደለበሰው ይወጠራል፤ ቁጥሩ ከኪሱ አፍ በታች፣ በኪሱ የውጭ ጨርቅ ላይ ብቻ ይያዛል። ሲያልቅ እጅን እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ አስገብቶ መሞከር ነው። ቁጥሩ በየትኛው ጎን እንደሚሆን የሚወስኑት አዘጋጆቹ ናቸው፤ ዳኞቹና የፍጻሜው ካሜራ የሚቆሙበትን ወገን ያያሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። ውድድር ነው ተብሎ እስከ 120 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚነፋ አለ። ድንጋይ የሆነ ጎማ ሻካራ አስፋልት ላይ ይዘላል፣ መታጠፊያ ላይ መሬት አይቆነጥጥም። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማና ከመነዳሪ ለሚጠቀም 70 ኪሎ ሰው ከ75 እስከ 85 ፒኤስአይ ይበቃዋል፤ የፊተኛው ከኋለኛው ትንሽ ላላ ይበል፣ ዝናብ ካለ ሁለቱም ላይ 5 ያህል ይቀነስ። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው ነው፤ ድረሱበት ማለት አይደለም።

ሰንሰለት መውለቅም እንዲሁ ነው። ዳገቱ ይጀምራል፤ ሰውዬው በሙሉ ኃይሉ እየረገጠ ከትልቁ የፊት ጥርስ (ፔዳሉ ዘንድ ካለው ባለጥርስ ክብ) ወደ ትንሹ ይቀይራል፤ ሰንሰለቱ ትንሹን ዘሎ ወደ ፍሬሙ ይወድቃል፣ እግሩም ባዶ ይሽከረከራል። ቅያሬው ዳገቱ ከመቆንጠጡ በፊት ይሁን፤ በምትቀይሩባት ቅጽበትም ግማሽ ዙር ያህል እግራችሁን አላሉ። ከወለቀ ደግሞ ሁሉም እንደሚያደርገው ዘሎ መውረድ አያስፈልግም። መቀየሪያውን ወደ ትልቁ ጥርስ ግፉና ቀስ ብላችሁ ወደፊት ርገጡ፤ ሰንሰለቱ ካልተሰነቀረ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል። ከተሰነቀረ ግን አታስገድዱት። ውረዱ፤ የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ክንድ በእጅ ወደፊት ግፉት፤ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጥርስ ላይ አስቀምጣችሁ ፔዳሉን በእጅ ታዞራላችሁ። በየጊዜው የሚወልቅ ከሆነ ጥፋቱ የፊት ማርሽ ቀያሪው የውስጥ ገደብ ብሎን፣ ቀያሪው ከልክ በላይ ወደ ውስጥ እንዳይሄድ የሚያግደው፣ ነው። ሰንሰለቱን ፊት በትንሹ፣ ኋላ በትልቁ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ እዩ፤ በቀያሪው የውስጥ ገጽና በሰንሰለቱ መካከል ከግማሽ ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ካለ ብሎኑ ይጥበቅ።

እዚህ ድረስ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ነው። በቡድን ውስጥ መጋለብ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ በእኔ እምነት ክለቦች ከሁሉ በፊት ማስተማር ያለባቸው ይህን ነው።

ሰው የፊት ጎማውን ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ያስገባል። ፊተኛው ጉድጓድ ሊያልፍ አንድ ስንዝር ወደ ጎን ሲል ሁለቱ ጎማዎች ይነካካሉ፤ የሚወድቀው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ኋለኛው ነው። ብስክሌት የሚቆመው የፊት ጎማው በየቅጽበቱ ወደ ተጋደለበት ወገን እየዞረ ሚዛኑን ስለሚመልስ ነው። ያ ጎማ በሌላ ጎማ ሲታገድ ሚዛን የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል። ፊተኛው ግን የተነካው ወደ ጎን የማይዞረው የኋላ ጎማው ስለሆነ መሪው ነፃ ነው፤ ትንሽ ተንገጫግጮ ይሄዳል። ስለዚህ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ኋላ መቅረት፣ ዓይንንም ጎማው ላይ ሳይሆን በፊተኛው ትከሻ በላይ አርቆ መጣል ያስፈልጋል። ከነካችሁ ፍሬን አትያዙ፣ በድንጋጤም አትሽሹ፤ ወደተነካው ወገን ቀስ ብላችሁ ተደገፉና ሲላቀቅ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ።

ዳገት ላይ ከኮርቻ መነሳትም ሰው ይጥላል። ሲነሱ ርግጫው ለአፍታ ስለሚቋረጥ ብስክሌቱ ከኋላ ላለው ሰው ወደ ኋላ የመጣበት ያህል ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ማርሽ አክብዱ፣ አንዱ እግር ከላይ ሲደርስ እየረገጣችሁ ተነሱ።

ከዚያ ቡድኑ ንፋሱን በየተራ ሲጋፈጥ ተራ ደርሶ ፊት መውጣት አለ። በሌሎች ጀርባ ከንፋስ ተከልሎ ከጉልበቱ ሲሶውን ሲቆጥብ የነበረ ሰው ፊት እንደወጣ ክንፍ ያበቀለ ይመስለዋል። ቡድኑ በሰዓት በ38 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ እሱ 42 ያደርገዋል። የንፋስን ግፊት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ይህቺ የ4 ኪሎ ሜትር ጭማሪ በንፋስ ብቻ 35 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ትበላለች። ኋላ ያሉት ይበጣጠሳሉ፤ እሱም ደቂቃ ሳይሞላው ይነድዳል። ይባስ ብሎ ተራውን ለቆ ወደ ኋላ ሲመለስ ርግጫውን ጨርሶ ያቆምና የመጨረሻው ጎማ ያልፈዋል። ፊት ከመውጣታችሁ በፊት የፍጥነት መቁጠሪያውን አንብቡ፤ ያንኑ ቁጥር ጠብቁ፤ ወደ ኋላ ስትመለሱም የመጨረሻው ሰው ትከሻችሁ ዘንድ ሲደርስ ማፍጠን ጀምሩ። ካለፈ በኋላ መሞከር ሌላ ስፕሪንት ማባከን ነው።

የፍጻሜው ነገር፣ መስመሩን ሳያልፉ መደሰት ማለቴ ነው፣ ከአማተርም አልፎ የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞችን ያዳርሳል። ኤሪክ ዛቤል በ2004 የሚላን ሳንሬሞ ውድድር እጁን ለደስታ አንስቶ በኦስካር ፍሬሬ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ተቀደመ። ጁሊያን አላፊሊፕ በ2020 በሊዬዥ ባስቶኝ ሊዬዥ ይህንኑ ደገመው፤ ፕሪሞዝ ሮግሊች ክንዱን ዘርግቶ ብስክሌቱን ከሥሩ ወደፊት ወርውሮ አለፈው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ጎዳና ውድድር ደግሞ አኔሚክ ቫን ፍሉተን አሸንፌያለሁ ብላ እጇን ስታነሳ አና ኪዘንሆፈር ከ75 ሰከንድ በፊት ገብታ ነበር። ኪዘንሆፈር የፕሮፌሽናል ቡድን ኮንትራት አልነበራትም፤ 137 ኪሎ ሜትሩን ስትጀምር ነው ከጥቂት ሌሎች ጋር ከቡድኑ የተነጠለችው። በኦሊምፒክ የጆሮ ሬዲዮ ስለማይፈቀድ፣ ኋላ ያሉት አብረዋት ወጥተው ከእሷ የቀሩትን ሲደርሱባቸው ሁሉንም የያዙ መሰላቸው።

የክለቡ ተወዳዳሪ ላይ ይህ በዙር ቆጠራ ይመጣል። ሁለት ዙር ሲቀረው ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ መስመሩን አንደኛ ያልፋል፤ እጁን ሲያነሳ ደወሉ ይደወላል፤ ደወሉ ደግሞ አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። የዙሩን ብዛት በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ የመሪው አንገት ላይ ለጥፉት፤ መስመሩን ባለፋችሁ ቁጥር የቀረውን ዙር ከሚያሳየው ሰሌዳ ጋር አስተያዩት።

ብስክሌት መወርወሩ ደግሞ ከውድድር በፊት ይለመዳል። አስፋልት ላይ በጠመኔ መስመር አሥምሩ። መስመሩ አንድ ሜትር ገደማ ሲቀረው ክንዳችሁን በአንዴ ዘርጉ፣ ዳሌያችሁን ከኮርቻው ኋላ አውጡ፤ ጎማው ወደፊት ይፈተለካል። መጀመሪያ ላይ ሰው ቀድሞ ይወረውርና መስመሩ ላይ ሲደርስ ክንዱ መልሶ ታጥፎ ይገኛል፤ ሃያ ጊዜ ያህል ሲደጋገም ጊዜው ይገጥማል። ሁለቱም እጆች ግን መስመሩ እስኪታለፍ መሪው ላይ ናቸው።