ዙሁር በሥራ ሰዓት

ዛሬ ስብሰባው ሲራዘም የዙሁር (የቀትር ሶላት) ሰዓት እየጠበበ መጣ። «ሰግጄ ልመለስ» ብዬ ተነሳሁ፤ ማንም ቅር አላለውም። ውዱእ አድርጌ (ለሶላት ታጥቤ)፣ ዕቃ ቤት ውስጥ በካርቶኖቹ መሀል መስገጃዬን አነጠፍኩና አራቱን ረከዓ (የሶላት ዙር) ሰገድኩ። አልሐምዱሊላህ!

«እምነት የግል ጉዳይ ነው፣ ቤትህ ተወው» የሚሉኝ አሉ። ክፋት የላቸውም። ግን ዙሁርና አስር (የከሰዓት በኋላው ሶላት) የሚገቡት እኮ ቀን፣ ብዙው ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው! ቁርኣንም (4፥103) ሶላት በምእመናን ላይ በጊዜያት የተወሰነች ግዴታ መሆኗን ይነግረናል። ረሱልም፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ምድር መስገጃ ሆና እንደተደረገችላቸው ተናግረዋል፤ ዕቃ ቤቱም ምድር ነው።

ሥራዬንም የምሠራው በዚያው እምነት ነው። ደሞዜ ሐላል እንዲሆንልኝ የሰገድኩበትን ደቂቃ ከምሳ ሰዓቴ ላይ አካክሳለሁ።