በቡዶንጎ ደን ቺምፓንዚን መከተል፣ ወፍን መጠበቅ

ምዕራብ ዩጋንዳ ውስጥ ማሲንዲ ከተማ አጠገብ ወዳለው የቡዶንጎ ጥብቅ ደን የሄድኩት ቺምፓንዚም ወፍም ለማየት ነው። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ጠዋት አጣምረው ያቀርባሉ። እኔ ለያየኋቸው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ቺምፓንዚ የሚፈልግ ሰው ከእንስሳው እኩል መፍጠን አለበት፤ ወፍ ደግሞ ለሚቸኩል ሰው አይታይም።

የቺምፓንዚው ጉዞ የተነሳው ደኑ ውስጥ ካለው የጎብኚዎች መነሻ፣ ከካኒዮ ፓቢዲ ነው። ቺምፓንዚዎች በየምሽቱ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አጣጥፈው አዲስ መኝታ ስለሚሠሩ፣ የት እንዳደሩ ያየ አስጎብኚ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ሥራው የጆሮ ነው። ወንዶቹ የትልልቅ ዛፎችን እንደ ግድግዳ የቆመ ሥር በእጅና በእግራቸው ሲደበድቡ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አስጎብኚያችን አቅጣጫውን ለይቶ መንገዱን ተወና ጫካው ውስጥ ገባ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መሬት ላይ የወደቀ ቡናማ ድቡልቡል ነገር በእንጨት ገለበጠ፤ ጭማቂው ተመጥጦ የተተፋ የሾላ ፍሬ ነበር፣ የጥርስ ምልክት ሳይቀር ታትሞበታል። ገና እርጥብ ነው። ቀና ስንል አንዲት እናት ከነልጇ ከላያችን ተቀምጣለች።

ቀኝ እጇ ላይ ጣቶች አልነበሯትም። አዳኞች ለሚዳቋና ለጫካ አሳማ የሚያጠምዱት የሽቦ ወጥመድ ቺምፓንዚውንም አይምርም። በ1990 የተቋቋመው የቡዶንጎ የምርምር ጣቢያ እየዞሩ ወጥመድ የሚለቅሙ ሰዎችን ቀጥሯል። ይበልጥ የገረመኝ ግን የትምባሆው ጉዳይ ነው። ቺምፓንዚዎቹ ሶዲየም የሚያገኙት ከበሰበሰ የራፊያ ዘንባባ ግንድ ነበር። ገበሬዎች ትምባሆ ለማድረቅ ቅጠሉን የሚያንጠለጥሉበትን ገመድ ከዚሁ ዘንባባ እየሠሩ ዛፉን አመናመኑት፤ እንስሳቱም ሸክላ አፈርና የሌሊት ወፍ ኩስ ወደ መብላት ዞሩ። ደን የሚጎዳው በመጥረቢያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ልጨምር፦ በየገዳሙ ዙሪያ በሰላም የምናየው ጉሬዛ ቡዶንጎም አለ፣ ቺምፓንዚዎች ግን አድነው ይበሉታል።

ወፉን ያየሁት በሌላ ቀን፣ ሮያል ማይል በሚባለው ሰፊ የደን መንገድ ላይ ነው። ስሙ ከአካባቢው የቡንዮሮ መንግሥት ንጉሥ ጋር የተያያዘ ሲሆን በግራና በቀኝ ያረጁ ዛፎች ቆመዋል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወፍ ማየት የለመደ ዓይን እዚህ አይረዳም። ቸኮሌት ቀለም ጀርባ ያለው ኪንግፊሸር የተባለ ወፍ ከዛፉ ጫፍ ሆኖ ያፏጫል፤ አንገት እስኪደነዝዝ ቢያንጋጥጡም ቅጠሉ ይሸፍነዋል። ኢላዶፕሲስ የሚባሉት ትናንሽ ቡናማ ወፎች ደግሞ ከመሬት አጠገብ ይዘምራሉ እንጂ አይወጡም። ከመሄዴ በፊት የድምፅ ቅጂ እያዳመጥኩ መክረሜ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ጠቅሞኛል። ቅጂውን ጫካ ውስጥ እያሰሙ ወፍ የሚጠሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ከጎጆው ይነሳል። ይልቅ ፍሬ ያፈራ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል፤ ሆርንቢል የሚባሉት ባለ ትልቅ ምንቃር ወፎች ራሳቸው ይመጣሉ፣ የክንፋቸው ድምፅም ቀድሞ ይሰማል።

የሩቅ ማያ መነጽር ለመግዛት የምታስቡ፣ ደኑ ጨለማ ስለሆነ 8 በ 42 ከ 10 በ 42 ይሻላል (የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል)፤ አጉልቶ ከማሳየቱ ይልቅ ብርሃን ማስገባቱ ይፈለጋል። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት ግድ ነው፤ ገብረ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ቀልድ የለም። ዩጋንዳ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ ቺምፓንዚ አይሂድ፤ የእኛ ሳል እነሱን ይገድላል። ቺምፓንዚ የመከተያ ፈቃዱን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለወፍ ሲሆን ደግሞ የወፍ ድምፅ የሚያውቅ አስጎብኚ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ቺምፓንዚ በመከተል የተካነ ሁሉ ወፍ አያውቅም።