የተፈረደው ሳይሆን የተቀበልሽው

ደብረ ማርቆስ ላይ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ራፖር መጻፍ ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆነኝ። «ለልጄ ቀለብ ይቆረጥልኝ» የሚለውን አቤቱታ በእነዚህ ዓመታት ስንት ጊዜ እንደጻፍሁ ቆጥሬ አላውቅም። ስለዚህ ሚኒሶታ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደውላ «እታለም፣ የልጄን ቀለብ እንደ እኔ ሀብት ሊቆጥሩብኝ ነው» ስትለኝ፣ የሰው አገር ጉዳይ ቢሆንም ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

እኅቴ ከባሏ ተፋትታ የ6 ዓመት ልጇን እያሳደገች ነርስነት ትማራለች። በአሜሪካ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ ፋፍሳ የሚባል ቅጽ በየዓመቱ ይሞላል፤ ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጠውና የማይመለሰው የፔል ድጋፍ፣ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር የነበረው፣ የሚወሰነው በዚሁ ቅጽ ነው። ቀድሞ የልጅ ቀለብ የሚጻፈው ከገቢ ጋር ሲሆን፣ ከዚያው ከ2024–25 ጀምሮ ግን ከሀብት ጋር እንዲጻፍ ተደርጓል። የልጅ ጫማና ወተት መግዣ በባንክ ከተቀመጠ ጥሪት ጎን ሲሰለፍ እናትን ያስቆጣል፤ እኔንም አስቆጥቶኝ ነበር። ነገር ግን በስልክ ላይ ሆነን ስናሰላው የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። በገቢነት ሲቆጠር ገንዘቡ እንዳለ ወደ ስሌቱ ይገባ የነበረ ሲሆን፣ ራሷን ችላ ልጅ ለምታሳድግ ተማሪ በሀብትነት ሲቆጠር የሚገባው 7 በመቶው ብቻ ነው። እንዲያውም ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ብዙዎቹ የሀብቱን ክፍል ከነአካቴው እንዲሞሉ አይጠየቁም። «ስሙን ተይው፣ ሒሳቡን ያዢ» አልኋት።

እውነተኛው ስሕተት የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ምን ብላ እንደሞላች ስጠይቃት «4,800 ዶላር» አለችኝ። ፍርድ ቤቱ በወር 400 ዶላር ወስኖላታል፤ እርሷም በ12 አባዝታ ጻፈችው። ስንት ወር ከፈለሽ ብላት አምስት ወር አለችኝ። ታዲያ ቅጹ የሚጠይቀው ባለፈው ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ዓመት፣ ማለትም በእነርሱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ እጇ የገባውን ነው፤ የገባው ደግሞ 2,000 ብቻ ነው። ያልበላችውን 2,800 ዶላር በገዛ እጇ ሀብቴ ነው ብላ ልትፈርም ነበር። «ዳኛው የወሰነው እኮ ነው!» ብላ ተከራከረችኝ።

ይህን ክርክር በደንብ አውቀዋለሁ። ከቢቸናም ከደጀንም የምትመጣ ባለጉዳይ ስንት ቀለብ ታገኛለሽ ተብላ ስትጠየቅ የምትነግረኝ ውሳኔው ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ኪስ ውስጥ ካለ ገንዘብ ይልቅ እውነት ይመስላል። እኔም ልጄን እያሳደግሁ ቅዳሜና እሑድ ሒሳብ አያያዝ በተማርሁበት ጊዜ በዚሁ ተሞኝቻለሁ። የልጄ አባት ገበሬ ነው፤ ቀለቡ በየወሩ እንዲከፈል ቢወሰንም፣ እርሱ ገንዘብ የሚያየው ጤፉ ተወቅቶ ሲሸጥ፣ ጥር ላይ ነው። የኮሌጁ ምዝገባ ግን መስከረም ላይ ነበር። ውሳኔውን አምኜ በጀት አወጣሁ፤ መስከረም ሲደርስ ባዶ እጄን ቀረሁና አንድ ሙሉ መንፈቅ አመለጠኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ገዝቼ ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ከፈልሁት፦ ወሩ፣ የተፈረደው፣ የተቀበልሁት። ሦስተኛው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ጥር ላይ ብቻ ቁጥር ሲያርፍበት ማየት ያሳፍራል፤ ለአፈጻጸም መዝገብ ግን ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ውዝፍ ቀለብ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ሕጉ መብቱን ስለሚያስቀር፣ ነጩ ረድፍ ሦስት መስመር ከመድረሱ በፊት አቤት ማለት ያስፈልጋል።

በእኛ አገር የቀለብና የትምህርት ክፍያ ዝምድና በቅጽ ላይ አይታይም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትማር እናት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ማንኛውም ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርማ፣ ዕዳውን ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ትከፍላለች፤ የልጅሽ አባት ስንት ሰጠሽ የሚላት የለም። በግል ኮሌጅ ደግሞ የሚጠየቀው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው። ካልጠየቁን ደግሞ ስለ ልጁ ጠባቂ ክፍያ የምንናገርበት ቦታ አይኖረንም። በዚህ በኩል የእነርሱ አሠራር ይሻላል እላለሁ፤ ተማሪዋ ካመለከተች በክፍል፣ በጥናትና በመንገድ ላይ ሆና ልጇን ለምታስጠብቅበት የሚሆነው ወጪ የትምህርቷ ወጪ አካል ሆኖ ይያዝላታል። እኅቴ ይህን አልሰማችም ነበር። ስላልጠየቀች ማንም አልነገራትም።

የቤተሰብ ሕጋችን፣ የፌዴራሉም (ዐዋጅ ቁጥር 213/1992) የክልላችንም (ዐዋጅ ቁጥር 79/1995)፣ ቀለብ ሲል ምግብን ብቻ አይደለም፤ መጠለያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን ይጨምራል፣ መጠኑም በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ይለካል። የሚባለው የልጁ ትምህርት እንጂ የእናቲቱ አለመሆኑ ግልጽ ነው። እኔ ግን ተማሪ እናት ስትመጣ በአቤቱታው ላይ «እናቱ በትምህርት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ለሕፃኑ ጠባቂ የሚከፈል» የሚል መስመር እጨምራለሁ፤ ጠባቂው የሚያስፈልገው ለልጁ ነውና። አንዳንድ ዳኛ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ያልፈዋል።

እኅቴ ቁጥሩን አርማ 2,000 ብላ ጻፈች። በማግስቱ ደግሞ ደወለች፤ የልጇ አባት የዲሴምበር ቀለብ ብሎ የላከው ገንዘብ የገባው ጃንዋሪ ላይ ነውና የየትኛው ዓመት ነው አለችኝ። የእነርሱ ጃንዋሪ 1 አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 23 ስለሚውል ቀኖቹን አንድ በአንድ ማስተያየት ነበረብን። የገባበት ዓመት ነው አልኋት፤ የእኔም ደብተር የሚለው እንዲያ ነው።