መስታወት የሌለው ሜታል ሃላይድ አይበራ

ለኮራል የጨው ውኃ ገንዳ (አኳሪየም) ያገለገለ ሜታል ሃላይድ የሚባለውን ኃይለኛ መብራት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው አምፖሉ መብራቱን ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ከአምፖሉ ፊት ያለው መስታወት ነው። በሁለቱም ጫፉ የሚያያዘው ባለ 150 እና ባለ 250 ዋት አምፖል የውጭ ሽፋኑ ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጎጂ ጨረር አያግድም። የሚያግደው መስታወቱ ብቻ ነው። እሱ ወልቆ ከበራ ኮራሉ ይቃጠላል። አጠገቡ የቆየ ሰውም ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁረዋል፤ ያለ መነጽር የበየደ ሰው ያውቀዋል።

በጥርስ የሚጠመዘዘው ትልቁ አምፖል የራሱ የውጭ ጠርሙስ ስላለው በዚህ በኩል ይሻላል። ችግሩ ጠርሙሱ ተሰብሮም የውስጡ ቱቦ መብራቱን ሊቀጥል መቻሉ ነው። እንዲህ ካያችሁ ሳትጠጉ ከብሬከሩ አጥፉት።

መስታወቱ ከተሰበረ በመስኮት መስታወት አትተኩት፤ በሙቀት ይሰነጠቃል። ተምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ አሠሩ። ተምፐርድ አንዴ ከወጣ በኋላ ስለማይቆረጥ ልኩን ቀድማችሁ በትክክል ስጡ፤ ሲሞቅ የሚለጠጥበት 2 ሚሊሜትር ያህልም ከፍሬሙ ቀንሱ። ጨው ከደረቀበት ብርሃኑን ይሸፍናል፣ ሙቀትም ይይዛል፤ በየሳምንቱ አጥፍታችሁ፣ ሲበርድ በተጣራ ውኃ ጥረጉት።

አሰቃቀሉ ላይ፦ ባለ 250 ዋቱ ከውኃው ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ከዚያ ከቀረበ የውኃ ፍንጣቂ ይደርስበታል። የውስጡ ቱቦ ሲሠራ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሞቅ፣ ጋለ ባለ አምፖል ላይ አንድ ጠብታ ማረፉ እንዲፈነዳ ይበቃዋል። ከቺፕውድ ኮርኒስ ላይ በፍጹም አትስቀሉ። ወራጁን ፈልጉ፣ ሶሌታ ከሆነም በፊሸር ብሎን አስገቡ፤ ሽቦውም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዘው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ኤሌክትሪኩ። ሜታል ሃላይድ የሚነሳው ኢግናይተሩ በሚልከው ከ4 እስከ 5 ሺህ ቮልት በሚደርስ ምት ነው። አምፖሉ ጋለ እያለ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ቢመለስ ያ ምት አያስነሳውም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪወርድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ኢግናይተሩ ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ እየመታ ይቆያል። መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ኢግናይተርና የአምፖል መያዣ ቶሎ የሚቃጠለው በዚህ ነው። መፍትሔው መብራት ከተመለሰ በኋላ 20 ደቂቃ ቆይቶ የሚያበራ ዲሌይ ታይመር ነው። ምጣድ ሲሰካም ቮልቴጁ በድንገት ወርዶ አምፖሉ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ለገንዳው ከማከፋፈያ ሳጥኑ የራሱን መስመር አስወጡ።

መብራት ስለጠፋ ብቻ እጃችሁን ገንዳው ውስጥ አትክተቱ። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ።

ታይመር ስትገዙ 16 አምፔር የሚለው አያታላችሁ፤ ያ ለምድጃ ዓይነት ጭነት ነው። ለባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚታየው በቅንፍ ያለው ትንሹ ቁጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 4። ካነሰ የታይመሩ ነጥቦች ተበይደው አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ሊበራ ይችላል። ኮንታክተር (በታይመሩ እየታዘዘ ጭነቱን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ጨምሩበት። በመስመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያጠፋ) ይኑር፤ የፊክስቸሩም (የመብራቱ ቤት) የባላስቱም ብረት ከኧርዝ ጋር ይያያዝ። ኧርዙ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት መኖሩን በሜትር አስለኩ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ባላስቱ አየር በሚያገኝ ቦታ ከገንዳው ጎን ይቀመጥ እንጂ ከሥሩ ባለው ዝግ ቁምሳጥን አይሁን። ገመዱም ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ የወረደው ጠብታ ከታች ይቀራል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት የአዳማ ሙቀት ከአምፖሉ ጋር ተደምሮ ገንዳውን ያፈላዋል። ውኃው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ እንዲቆይ ቬንቲሌተር በውኃው ፊት ላይ ይንፈስ፤ አምፖሉ ላይ ግን አይሁን። የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ በትነት ብቻ 2 ወይም 3 ዲግሪ ይወርዳል። የተነነውን በአርኦ (በረቂቅ ማጣሪያ) በተጣራ ጨው አልባ ውኃ ተኩ፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። 28 ዲግሪ ላይ አምፖሉን የሚያጠፋ ኮንትሮለር ግን የግድ ነው፤ ቬንቲሌተር ሊቆም ይችላል።

አዲስ አምፖል በጥጥ ጓንት ያዙ። የጣት ቅባት ኳርትዙ ላይ ተቃጥሎ ያዳክመዋል፤ ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። ከ10 እስከ 12 ወር ሲሆነው፣ እየበራም ቢሆን፣ ቀይሩት፤ ቀለሙ ስለሚለወጥ ኮራል ሳይሆን አልጌ ያበቅላል። አዲሱ ከአሮጌው ይበረታልና በቀን 4 ሰዓት ብቻ በማብራት ጀምራችሁ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ በቀን ወደ 8 ሰዓት አድርሱት።

አሮጌው ውስጡ ሜርኩሪ አለ። ቤት ውስጥ ከተሰበረ መስኮት ከፍታችሁ 15 ደቂቃ ውጡ፤ ሲመለሱ በጠንካራ ወረቀት ይሰብሰብ፣ ቅሪቱ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ፣ ሁሉም ክዳን ባለው ማሰሮ ይከተት። በመጥረጊያ ከተጠረገ ይበተናል።