እንቅልፌንና እጄን መለሰልኝ

ይህንን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ከሰማኸኝ ለሰው እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ሰማኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን።

ምስክርነት ሲባል ብዙዎቻችን ትልቅ ነገር ነው የምንጠብቀው። መካን የተባለች ወለደች፤ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሰው ዳነ፤ ስንት ጊዜ የተከለከለ የመኖሪያ ፈቃድ ተገኘ። የእኔ እንዲህ አይደለም። እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ተመለሰልኝ። መሳል አቅቶኝ ነበር፤ እጄ ተፈታ። ሰው ፊት ቆሞ ይሄን ማውራት ይከብዳል፤ «ለዚህ ነው?» የሚል አይጠፋማ። እኔ ግን እግዚአብሔር እንዲህ ያለውንም ልመና እንደሚሰማ አይቻለሁ፤ ዝም ማለት አልችልም።

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ሌሊት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሰዓት የስዊድንኛ ትምህርት አለኝ። ከልጅነቴ ያገኘሁት ወረቀት ላይ መሳል እወዳለሁ፤ እዚህ ስመጣ ደግሞ ባሰብኝ። የሱቅ ደረሰኝ ጀርባ፣ የቤት ኪራይ ፖስታ፣ የወረቀት ኩባያ፣ አንዱም አይቀረኝም። ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሳሳል እስለዋለሁ፤ ዓይኑን ጎላ ጎላ አድርጌ። ስልኩ ላይ ያቀረቀረውን ጎረምሳ ነጠላ አለብሰዋለሁ። ውሻዋን ይዛ ለምትወርደው አሮጊት አክሊለ ብርሃን እጨምርላታለሁ። አንዳንዴ ለየጣቢያው የንግሥ ቀን እመድብለታለሁ። የባቡሩ በር ሊዘጋ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ሰምቼ፣ ቅዱስ ያሬድ ቢሰማው ከሦስቱ የዜማ ስልቶቹ በግዕዝ ያደርገው ነበር፣ በዕዝል ወይስ በአራራይ እያልኩ አስባለሁ። ምን ይጠቅምሻል ይሉኛል። እኔ በዚህ ነው የምተነፍሰው።

ነገሩ የጀመረኝ ኅዳር ላይ ነው። እዚህ ብርዱ ሲገባ ቀኑ እያጠረ ይሄዳል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስዊድኖቹ በየመስኮቱ ኮከብና መብራት ያደርጋሉ፤ ያምራል። ሌሊት ለሚሠራ ሰው ግን ብርሃን የሚባል ነገር አይደርሰውም። ከሥራ ስወጣ ጨለማ፣ ተኝቼ ስነቃ ጨለማ። ቀጥሎ መተኛቱም ቀረ። አልጋ ላይ እገላበጣለሁ፤ ሰው የሚያሳድደኝ ይመስል ልቤ ይመታል። ባቡር ውስጥ ድንገት አየር ያጥረኝና ቤቴ ሳልደርስ እወርዳለሁ።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ሥዕሉ ነው። በእኛ የጥንት ሥዕል ጻድቃንና መላእክት ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ይሳላሉ። ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ ባቡር ውስጥ ማንንም በአንድ ዓይን ስዬ አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን ግን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ሰው ሁሉ በጎን ይወጣብኝ ጀመር። አስቤ አይደለም፤ እጄ ወደዚያው ይሄዳል። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ያለውን የእናቴን ፎቶ ልሳል ብዬ ተቀመጥኩ። እሷም በአንድ ዓይን ወጣች። ደብተሩን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እማዬ ድሬዳዋ ናት። ስትደውል ገና ከ«ሃሎ» አወቀችብኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ደህና ነኝ፣ እማ።»

«አይደለሽም። ለገብርኤል ተሳይ። አንቺ ቁልቢ መምጣት ባትችይ እሱ አንቺ ጋ ይመጣል።»

ያን ሌሊት ተራዬን ስጠብቅ፣ አረጋውያኑ በተኙበት ኮሪደር ላይ ቆሜ ተሳልኩ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ቅዱስ ገብርኤል፣ አማልደኝ፤ ከዚህ ጭንቀት ልውጣ። እንቅልፌ ከተመለሰልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ። እጄ ከተመለሰልኝ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የመዝሙር ደብተር ሽፋን ላይ ሐረግ እስላለሁ።» ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ጤና ጣቢያም ሄድኩ። ጸሎት ካለሽ ሐኪም ምን ያደርግልሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ በፍጹም አልስማማም። ሐኪሟ ሳትቸኩል አዳመጠችኝ። የሌሊት ሥራ እንቅልፍን እንዴት እንደሚያዛባ አስረዳችኝ፤ ጭንቀቱ ሲነሳብኝ እንዴት ቀስ ብዬ እንደምተነፍስ አሳየችኝ። እሷንም በመንገዴ ላይ ያስቀመጠው እርሱ ነው።

ታኅሣሥ 19 ደረሰ፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28። ከሥራ ወጥቼ፣ ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር አድርጌ፣ ወደ ቅዳሴ እየሄድኩ ነበር። ባቡር የምቀይረው ቴ-ሴንትራለን ነው፤ ትልቁ ጣቢያ። የሰማያዊው መስመር መድረክ መሬት ውስጥ ዘልቆ፣ ድንጋዩ ተፈልፍሎ እንዳለ የተተወ ነው። ጣሪያው ነጭ ተቀብቶ ሰማያዊ ሐረግ ከግድግዳው ተነስቶ እላይ ድረስ ይሳባል። ፐር ኡሎፍ ኡልትቬት የሚባል ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ነው። ጣቢያውን የገነቡት ሠራተኞችም ምስላቸው ጥላ ሆኖ ተስሏል። ሰማያዊው የተመረጠው በዚያ ግርግር መሃል የሚያልፈው ሰው እንዲረጋጋ ታስቦ ነው።

በዚያ ስንቴ አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን መድረኩ ላይ ልቤ ተነሳብኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ቅዱስ ገብርኤል ድረስልኝ፣ ዛሬ ቀንህ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣኝም። ሐኪሟ እንዳሳየችኝ እየተነፈስኩ ቀና አልኩ። ዓይኔ አንዱን ሐረግ ያዘ። ቅርንጫፉን ተከትዬ ወጣሁ፤ ቅጠሉ ጋ ዞርኩ፤ ወደሚቀጥለው ተሻገርኩ። የብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ እንደሚሳለው ሐረግ እጄ በዓይኔ በኩል ይስለው ጀመር። ራእይ አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ልቤ ግን ቀስ አለ። አየር ገባልኝ።

ባቡሬ መጥቶ ሄደ፤ አልተነሳሁም። ከኪሴ ደረሰኝና እስክሪብቶ አወጣሁ። ፊት ለፊቴ የጽዳት ጋሪውን ይዞ አረፍ ያለ ጎልማሳ ነበር። ግንባሩን ጀመርኩ፣ ከዚያ ቅንድቡን፣ ከዚያ አንዱን ዓይን። እጄ አልቆመም። ሁለተኛውንም ሳለ። እዚያው አለቀስኩ። ሰውየው ደንግጦ ምን ሆንሽ አለኝ፤ ደረሰኙን ሰጠሁት። ብዙ አየውና በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሴው ላይ ቆሜ፣ ጠበል ጠጥቼ ቤቴ ገባሁ። ልብሴን እንኳን በደንብ ሳላወልቅ ተኛሁ። የነቃሁት በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጭንቀቱ ሊሞክረኝ የመጣበት ቀን አለ፤ አልዋሽም። ግን እንደ ድሮው አይጥለኝም። ሐኪሟንም አልተውኩም። ደብተሩም ከመሳቢያው ወጥቷል።

ስለቴንም ጀምሬያለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ቀይና ጥቁር ቀለም አለኝ፤ እነሱ ግን ሐምራዊ ይፈልጋሉ። አንዱ ሕፃን «ባቡር አስገቢበት» አለኝ፤ በሐረጉ መሃል አስገባሁለት። ካህኑ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ታሪኩን ከነገርኳቸው በኋላ በመስቀላቸው ባረኩኝና «እነዚያንም መስኮቶች ሁለት ሁለት ዓይን አድርጊላቸው» አሉኝ። አደረግኩላቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዲት ልመና አለችኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፤ የአገሬ ልጅ። እሷም ሌሊቱን ታነጋለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷን መልስ እየጠበቀች ነው። በጸሎታችሁ አስቧት። ስሟን እርሱ ያውቀዋል።